ብትወድቅም ኳሷ ያንተ ናት

በሊድስና አካባቢዋ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ስለ ራግቢ ሊግ ሕግጋት የተደረገ ዲስኩር



ባለፈው መጋቢት፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ጭቃ በሞላው ሜዳ ዳር ቆሜ የልጆች ራግቢ ሳይ አንዲት የሀገሬ ልጅ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ልጇ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ተሰልፎ ሲጫወት ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ልጁ ኳሷን ይዞ ሮጠ። ሦስት ልጆች ተረባርበው መሬት ላይ ጣሉት። እናት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዳኛው ፊሽካ አልነፋም። ልጁ ከጭቃው ተነሣ፣ ኳሷን መሬት ላይ አድርጎ በጫማው ወደኋላ ገፋት፣ ጓደኛው አንሥቷት ሮጠ፤ እሱም አምስት እርምጃ ሳይሄድ ተጣለ። አሁንም ፊሽካ የለም። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ልጄን ለሦስት ጥለውት ይኼ ዳኛ እንዴት ዝም ይላል?» አለችኝ።

«ሕጉ ነው» አልኳት። መልሴ አልበቃትም፤ እውነቷን ነው። ልጁን የጣሉበትን እናት «ሕጉ ነው» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያን ቀን የጎደለውን ልሞላ ነው። ከእናንተም መካከል ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ይህችን ሞላላ ኳስ ይዘው የገቡባችሁ ብዙ ናችሁ። በእግር ኳስ አድገን፣ በእግር ኳስ ተጨቃጭቀን ለኖርን ለእኛ፣ ልጅ የሚጣልበት ጨዋታ ቢያስደነግጠን አይፈረድብንም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። በዚህ አገር ራግቢ የሚባሉት ጨዋታዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ራግቢ ዩኒየን ይባላል፤ በአንድ ወገን አሥራ አምስት ሰው ያሰልፋል። ሌላው ራግቢ ሊግ ነው፤ አሥራ ሦስት ያሰልፋል። ሊድስ፣ ዌክፊልድ፣ ካስልፎርድ፣ ሃደርስፊልድ፣ ሃል፣ ከተራራው ማዶ ደግሞ ዊጋንና ሴንት ሄለንስ የሊግ ከተሞች ናቸው። ልጆቻችን ሰፈር ውስጥ የሚጫወቱት ይህንኑ ነውና የምናገረው ስለ ሊግ ነው። ቀኑንም ዓመቱንም የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ ልመለስ። ሊግን ከእግር ኳስ የሚለየው፣ ሌሎቹ ሕጎች ሁሉ የሚንጠለጠሉበት አንድ ሕግ አለ። ኳስ የያዘ ሰው ተይዞ ቢወድቅ ኳሷ አትነጠቅበትም። ኳስ የያዘበት ክንዱ ወይም ኳሷ መሬት ስትነካ፣ ወይም ቆሞም ቢሆን ተይዞ መራመድ ሲያቅተው፣ ዳኛው «ሄልድ» ብሎ ይጮኻል፤ ተይዟል ማለት ነው። ከዚያች ቃል በኋላ የያዙት ሰዎች እሱን መልቀቅ ግዴታቸው ነው። ይነሣል፣ ፊቱን ወደ ተቃራኒው ግብ ያዞራል፣ ኳሷን መሬት ላይ ያኖራል፣ በእግሩ ወደኋላ ያንከባልላታል። ከጀርባው የቆመው ጓደኛው ያነሣትና ጨዋታው ይቀጥላል። ያቺ እናት ያየችው ይህን ነበር። ልጇን መጣል ጥፋት ስላልነበረ ዳኛው ዝም አለ። ልጁ ከወደቀ በኋላ እዚያው ተጭነው ቢያስቀሩት ኖሮ ግን ዝም አይልም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ስውር ነገር አለ። ልጁ ማንም ሳይነካው ራሱ አዳልጦት ቢወድቅ አልተያዘም፤ ተነሥቶ መሮጥ ይችላል። መውደቁ ብቻውን ጨዋታውን አያቆመውም፤ ባላጋራ ሲይዘው ነው የሚቆመው። ልጆቹ ይህ ሕግ ከእኛ ቀድሞ ይገባቸዋል። አዳልጦት ወድቆ ሳይያዝ የተነሣ ልጅ ወላጆቹ «ወደቀ!» ብለው ጮኸው ሳይጨርሱ አሥር ሜትር ርቋል።

ነገር ግን ኳስ ያልተነጠቀ ሰው ለዘላለም ይዟት ቢኖርስ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱን ለማግኘት ግን ጨዋታው ሰባ ዓመት ግድም ፈጅቶበታል። ዛሬ መልሱ ስድስት ነው። አንድ ቡድን ስድስት ጊዜ ከተያዘ ኳሷን ባለችበት ቦታ ለተቃራኒው ያስረክባል፤ እነሱም በተራቸው ስድስት ዕድል ይጀምራሉ። አምስተኛው መያዝ ሲደርስ ዳኛው አምስት ጣቶቹን ዘርግቶ እጁን ያነሣል። የቀረችው አንዲት ዕድል ናት። ተጫዋቾቹም «ላስት!» እያሉ እርስ በርስ ይጠራራሉ። ጨዋታውን ለማንበብ ብትፈልጉ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እስከ ስድስት መቁጠርን ልመዱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዕድሎች ግዙፎቹ ልጆች ኳሷን ይዘው በቀጥታ ወደፊት ይገፋሉ፤ ዓላማቸው ሜትር መብላት ነው። ከዚያ ኳሷ ወደ ዳር ዳሩ ትወጣለች፤ ፈጣኖቹ ክፍተት ይፈልጋሉ። በመጨረሻዋ ዕድል አብዛኛውን ጊዜ ይመቷታል፤ እንዲሁ ከማስረከብ፣ አርቆ መትቶ ባላጋራን ከገዛ ግቡ ሥር መጀመር ማስገደድ ይሻላልና።

መቁጠሩ እንደገና ከአንድ የሚጀምርበት ጊዜም አለ። ተከላካዩ ኳሷን ሆን ብሎ ነክቶ ካልያዛት ቁጥሩ ይታደሳል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በዋናው ውድድር፣ በሱፐር ሊግ፣ የወደቀውን ሰው ተጭነው ጨዋታውን ያጓተቱ ተከላካዮች ፊሽካ ሳይነፋባቸው ለአጥቂው አዲስ ስድስት ዕድል ይሰጥባቸዋል። ይህን ደንብ እኔ እጅግ እወደዋለሁ፤ የተበደለው ቡድን ሩጫው ሳይቋረጥበት ካሳውን ሮጦ ይወስዳል።

ይህ የስድስት ዕድል ሕግ ከየት እንደመጣ ካልነገርኳችሁ ግማሹን አልነገርኳችሁም። ከዚህ በባቡር ብዙም ሳይርቅ ሃደርስፊልድ የሚባል ከተማ አለ። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ጆርጅ ሆቴል የሚባል አሮጌ ሕንፃ ታገኛላችሁ። ነሐሴ 29 ቀን 1895 የሰሜን እንግሊዝ የራግቢ ክለቦች ተወካዮች እዚያ ተሰብስበው ከአገሪቱ የራግቢ ማኅበር ተለዩ። የተጣሉበት ነገር ሃይማኖትም ፖለቲካም አልነበረም፤ የቀን ደመወዝ ነበር። የሰሜኑ ተጫዋቾች የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜም ሥራ ነበራቸው። ሊጫወት የሄደ ሰው የዚያን ቀን ክፍያ ያጣል፤ ቢጎዳ ደግሞ ሳምንታት ያጣል። ክለቦቹ የቀረበትን ደመወዝ እንተካለት ሲሉ፣ ማኅበሩን የያዙት የደቡብ ባለ ጸጎች ጨዋታ በገንዘብ አይነካካም ብለው በ1893 ውድቅ አደረጉባቸው። የቀን ደመወዝ የማያሳስበው ሰው እንዲህ ብሎ መፍረድ ይቀለዋል። ተለይተው የወጡት ክለቦች የመጀመሪያ ውሳኔያቸው፣ ከሥራ የቀረ ተጫዋች በቀን ስድስት ሺሊንግ እንዲከፈለው ነበር።

እዚህ ካለነው መካከል ቅዳሜና እሑድ ፈረቃ የማይወጣው ስንቱ ነው? ልጁን ለማየት ብሎ የቀን ሥራ ትቶ ከሜዳ ዳር የቆመ አባት ያቺን ስድስት ሺሊንግ ከማንም በላይ ያውቃታል። በዚህ ጨዋታ ፊት እንግድነት የማይሰማኝ ስለዚህ ነው።

ደመወዝ ከተከፈለ ገንዘቡ ከተመልካች መምጣት አለበት። ተመልካች ደግሞ ሰው በሰው ላይ ተከምሮ ኳስ የማይታይበትን ጨዋታ ለማየት አይከፍልም። አዲሱ ማኅበር ሕጎቹን አንድ በአንድ መለወጥ የጀመረው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1897 ኳስ ከሜዳ ስትወጣ በሁለት ረድፍ ቆሞ የመሻማቱን ሥርዓት አስቀረ። በ1906 ከየቡድኑ ሁለት ሰው ቀንሶ አሥራ ሦስት አደረገ፤ በዚያው ዓመት የተያዘ ሰው ተነሥቶ ኳሷን በእግሩ የሚያስጀምርበትን ደንብ አመጣ። ሜዳው ሰፋ፣ ኳሷ ታየች። ግን ገደብ አልነበረም፤ ኳስ የያዘ ቡድን እስኪሳሳት ድረስ ይዟት ይቆይ ነበር። ብልጥ ቡድን መሪነቱን ከያዘ በኋላ አንድም ነገር ሳይሞክር ሰዓቱን ይገድላል። በመጨረሻ በ1966 እዚህ እንግሊዝ አራት ዕድል ተወሰነ፤ አውስትራሊያም በዓመቱ ተከተለች። በሲድኒ ሴንት ጆርጅ የተባለ ክለብ እስከዚያ ዓመት ድረስ ለአሥራ አንድ ተከታታይ ዓመታት ዋንጫ ወስዶ ነበር፤ የአራት ዕድል ሕግ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ተረታ። አራት ግን ጠበበ፤ ጨዋታው ጥድፊያ ሆነ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስድስት ከፍ አለና በዚያው ጸና። በፊሽካና በጭብጨባ እየተፈተነ የተገኘ ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ሕግ ቅብብል ነው። በእጅ የሚሰጥ ኳስ ወደፊት አይሄድም፤ ወይ ወደ ጎን፣ ወይ ወደኋላ ነው። ይዞ ወደፊት መሮጥ ይቻላል፣ ወደፊት መምታትም ይቻላል፤ ወደፊት መወርወር ግን አይቻልም። ስለዚህ ኳስ የያዘ ልጅ ሁልጊዜ ከጓደኞቹ ሁሉ ፊት ነው። ጓደኞቹ እየሮጡ ሊደርሱለት፣ ከኋላው ሊሰለፉለት ይገባል። ልጆችን ሳሠለጥን ካየሁት ሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው፤ በእግር ኳስ ያደገ ልጅ ኳስ ሲፈልግ ወደፊት ይሸሻል፤ እዚህ ወደኋላ መቅረትን መማር አለበት።

አንድ ጭቅጭቅ የሚያስነሣ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ወደኋላ የወረወራት ኳስ፣ ከራሱ ሩጫ ባገኘችው ግፊት ሣሩ ላይ ሲለኩት ወደፊት ሄዳ ልትታይ ትችላለች። ይህ ጥፋት አይደለም። ዳኛው የሚመለከተው ከእጁ ስትወጣ ወዴት እንደወረወራት ነው። ከዳር ሆነን «ወደፊት ነው!» ብለን ከምንጮኸው ብዙው በዚህ ይሳሳታል። ኳስ ከእጅ አምልጣ ወደፊት ብትወድቅ ግን ለባላጋራ ትሰጣለች። ዳኛው ስክረም ካዘዘ ከየቡድኑ ስድስት ስድስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይገጥማሉ፤ በሊግ ይህ ግፊያ እንደ ዩኒየኑ የኃይል ፈተና አይደለም። ዋናው ጥቅሙ አሥራ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ሰብስቦ ለቀሩት ሜዳውን ባዶ ማድረጉ ነው።

የተከላካዩስ ግዴታ? የተያዘው ልጅ ተነሥቶ ኳሷን በእግሩ ሲያስጀምር፣ ከተከላካዮቹ ፊት ለፊቱ መቆም የሚፈቀድላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት አሥር ሜትር ወደ ግባቸው ያፈገፍጋሉ፤ በትልልቆቹ ጨዋታ ማለቴ ነው፣ በልጆች ሜዳ ርቀቱ ያንሳል። ዳኛው ራሱ አሥሯን ሜትር ሮጦ ይቆማል፤ መስመሩ እሱ ነው። በሄዲንግሊ ስታዲየም ከተመልካች በብዛት የምትሰሙት ጩኸት ስለዚህ ነው፤ «ኦንሳይድ አድርጋቸው!» ይላሉ ዳኛውን፤ መልስልን፣ አሥሩን ሜትር አስከብርልን ማለታቸው ነው። አሥሯ ሜትር ባትኖር መሮጫ አይኖርም። አሁን አስቡት፤ አንድ ተከላካይ ወደፊት ወጥቶ ይይዛል፣ ይነሣል፣ አሥር ሜትር ወደኋላ ይሮጣል፣ እንደገና ይወጣል። ይህ በሰማንያ ደቂቃ ውስጥ አርባና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚደጋገምበት ተጫዋች አለ። ሰማንያ ያልኩት ሁለት አርባ አርባ ደቂቃ ስለሆነ ነው።

ነጥብ አቆጣጠሩን ባጭሩ ልለፈው። ኳሷን ይዞ ከግብ መስመሩ አልፎ መሬት ላይ በእጁ የተጫናት ሰው ትራይ አገባ ይባላል፤ አራት ነጥብ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ መስመሩን ማለፍ ብቻውን አይበቃም፣ ኳሷ መሬት መንካት አለባት። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ የሚያልፍ ምት ሁለት ነጥብ ይጨምራል። በጥፋት የተገኘ የቅጣት ምት ወደ ግብ ከተመታ እሱም ሁለት ነው። ጨዋታው ሳይቆም ኳሷን መሬት ጣል አድርጎ ነጥራ ስትነሣ የመታ ሰው ከገባለት አንድ ነጥብ ያገኛል፤ ይህች አንዲቷ ነጥብ በእኩል ውጤት ጊዜ ስንት ዋንጫ ወስናለች።

ከትራይ በኋላ የሚመታው ምት የሚነሣው ትራዩ ከተቆጠረበት ቦታ ትይዩ ነው። ዳር ላይ ያገባ ቡድን ከዳር ይመታል፤ ያስቸግራል። ከቋሚዎቹ ሥር ያገባ ከፊት ለፊት ይመታል፤ ሕፃን የማይስተው ይባላል። በዚህ አባባል የምታዝን ከተማ አለች፤ ጎረቤታችን ዌክፊልድ። በ1968 ቻሌንጅ ካፕ በተባለው የሊግ ዋንጫ ፍጻሜ በዌምብሌይ ሊድስና ዌክፊልድ ትሪኒቲ ገጠሙ። ዝናቡ ሜዳውን ኩሬ አድርጎት ነበር። ሊድስ 11 ለ 7 እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኬን ሄርስት ከቋሚዎቹ ሥር ለዌክፊልድ ትራይ አገባ። ያኔ ትራይ ሦስት ነጥብ ነበርና 11 ለ 10 ሆነ። የቀረው ከፊት ለፊት የሚመታ የሁለት ነጥብ ምት ነው፤ ከገባ ዋንጫው የዌክፊልድ ነው። መቺው ዶን ፎክስ ነበር፤ በዚያ ቀን የጨዋታው ምርጥ ተብሎ የተመረጠው ሰው ራሱ። ሮጦ መታ፤ ኳሷ ከእግሩ ወደ ጎን ተንሸራታ ወጣች። ፎክስ እርጥቡ ሣር ላይ ተንበረከከ። የዚህ አገር ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ አንዳቸውም ሲስቁ አላየሁም። ልጃችሁ አንድ ቀን ከፊት ለፊት ስቶ አልቅሶ ቢመጣ ይህን ታሪክ ንገሩት፤ በዚያ ቀን ከሁሉ በላቀ ሁኔታ የተጫወተው ሰው የሳተው ነው።

በመጨረሻዋ ዕድል ስለሚመታው ምት ጥቂት ልጨምር። በቀጥታ ሳትነጥር ከሜዳ የወጣች ኳስ ወደተመታችበት ቦታ ትመለሳለች፤ ስለዚህ መቺው እንድትነጥር አድርጎ መምታት አለበት። ከገዛ ሜዳው የአርባ ሜትር መስመር ሳያልፍ መትቶ፣ ኳሷ ነጥራ በባላጋራው ሃያ ሜትር ክልል ከወጣችለት፣ ማስረከቡ ቀርቶ ኳሷ የራሱ ቡድን ትሆናለች። በ1997 የገባ ደንብ ነው፤ አርባ ሃያ ይሉታል። ደፋር መቺ ሲሞክረው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሣል። በአጭሩ ወደ ግብ አካባቢ የተመታችን ኳስ ተከላካዩ ከግብ መስመሩ ጀርባ መሬት ላይ ቢጫናት ወይም ይዟት ቢወጣ፣ ራሱ ከግቡ ሥር ወደ ሜዳ መትቶ ይመልሳታል፤ ያጠቃው ቡድን ተቀብሎ አዲስ ስድስት ዕድል ይጀምራል።

አሁን ሁላችሁም ወደምትጠብቁት ደረስኩ። ልጄ ይጎዳል ወይ? ይህን በማለሳለስ አልመልስም። ሰው ከሰው የሚጋጭበት ጨዋታ ነው፤ ጉዳት አለ። ቀድሞ የተጫወቱ ሰዎች በጭንቅላት መመታት ምክንያት ለደረሰብን ሕመም ተጠያቂ ናችሁ ብለው የጨዋታውን አስተዳዳሪዎች ከሰዋል። ይህን የሚሸሽግ አሠልጣኝ ቢያጋጥማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሕጉ የሚከለክለውን ግን እወቁ፤ ከዳር ሆናችሁ ልጃችሁን የምትጠብቁት በዚህ ነውና። ጭንቅላትና አንገት አይነካም። ይዘው ያነሡትን ሰው እግሩን ከወገቡ በላይ አድርጎ በጭንቅላቱ ማውረድ አይቻልም። ክንድን ሳይዘረጉ በትከሻ መምታት አይቻልም። ኳስ ያልያዘ ልጅ አይያዝም፤ ኳሷን ሰጥቶ ወይም መትቶ የጨረሰውን ዘግይቶ መምታትም ጥፋት ነው። በአየር ላይ ኳስ ለመቀለብ የዘለለን ልጅ እግሩ መሬት ሳይነካ መጣል አይፈቀድም። እግር ማደናቀፍም ክልክል ነው። የከፋ ጥፋት የፈጸመ አሥር ደቂቃ ከሜዳ ይወጣል፣ የባሰበት እስከ መጨረሻው ይባረራል፤ ቡድኑ በአሥራ ሁለት ሰው ይቀራል። እናንተ ደግሞ ሦስት ነገር አድርጉ። የጥርስ መከላከያ ሳያደርግ አታሰልፉት። ልጃችሁ ጭንቅላቱን ተመትቶ ግር ካለው፣ ካጥወለወለው ወይም ያለፈውን ደቂቃ ካላስታወሰ ከሜዳ ይውጣ፣ በዚያ ቀንም አይመለስ፤ አሠልጣኙ ቢለምናችሁ እንኳ እንቢ በሉ። ሦስተኛው፣ አሠልጣኙ ልጁን እንዴት መያዝና እንዴት መውደቅ እንዳለበት ሲያስተምረው ቆማችሁ እዩ። ጭንቅላቱን ከሚይዘው ሰው ጎን ማድረግን ያልተማረ ልጅ ጭንቅላቱ ከጉልበት ጋር የመጋጨት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ትንንሾቹ ደግሞ ጨርሶ ሳይጣሉ የሚጫወቱበት መንገድ አለ። ወገባቸው ላይ ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ ጨርቁን የነቀለ ያዘ ይባላል። ቅብብሉና ቆጠራው ያው ነው። የሚፈራ ወላጅ ከዚያ ይጀምር። ሴቶች ልጆቻችሁንም አትርሱ፤ በ2023 የሴቶች ቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በዌምብሌይ ሲካሄድ የሊድስ ሴቶች ከሴንት ሄለንስ ጋር እዚያ ሜዳ ላይ ነበሩ።

«ልጄ ቀጭን ነው፣ አጭር ነው» የሚለኝ ወላጅ ብዙ ነው። ሮብ በሮውን አታውቁትም? ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ነበር። ከሊድስ ጋር ስምንት ጊዜ የሱፐር ሊግ ፍጻሜ አሸንፏል። በ2011 ፍጻሜ ከሴንት ሄለንስ ጋር ሲጫወቱ፣ ሊይዘው ከመጣው ግዙፍ ሰው ክንድ ሥር ጎንበስ ብሎ አለፈና ረጅም ርቀት ሮጦ፣ የመጨረሻውን ተከላካይ በአንዲት እጥፋት ጥሎ ገባ። አጭርነቱ ነው ያሳለፈው። በ2019 መጨረሻ የነርቭ ሕመም ያዘው፤ ቀስ በቀስ መናገርም መንቀሳቀስም ተሳነው። ጓደኛውና አምበሉ ኬቨን ሲንፊልድ ሕመሙን ለሚመረምሩና ለሚያስታምሙ ገንዘብ ለማሰባሰብ ስንትና ስንት ማራቶን ሮጠ። በ2023 በሊድስ ማራቶን በሮውን በጋሪ እየገፋ ሮጦ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ከጋሪው አንሥቶ በክንዱ ታቅፎ አሻገረው። በሮው በ2024 አረፈ። የዚህ ከተማ ሰው ስለ እሱ ሲናገር ድምፁ የሚለወጠው ለዚህ ነው።

ጥቁር ልጅ በዚህ ጨዋታ ቦታ አለው ወይ ብላችሁም ጠይቃችሁኛል። ቢሊ ቦስተን የካርዲፍ ልጅ ነው፤ አባቱ ከሴራሊዮን የመጣ ነበር። በዩኒየኑ ዓለም ያላገኘውን ቦታ በዊጋን አገኘ፤ በተጫወተበት ዘመን ሁሉ 571 ትራይ አገባ። በ2025 የሰርነት ማዕረግ ሲሰጠው ከሊግ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ሆነ። ክላይቭ ሰሊቫን በ1972 ታላቋ ብሪታኒያን እየመራ የዓለም ዋንጫ አነሣ፤ የዚህ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር አምበል እሱ ነበር። ወደ ሃል ከተማ በመኪና የገባችሁ በስሙ በተሰየመው አውራ ጎዳና አልፋችኋል። ይህን የምላችሁ ዘረኝነት በሜዳ ዳር የለም ለማለት አይደለም፤ ልጃችሁ የሚገባበት በር ከብዙ ዓመት በፊት የተከፈተ መሆኑን ለመንገር ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ብዙዎቻችሁ በሹክሹክታ የጠየቃችሁኝ። የልጆች ጨዋታ እሑድ ጠዋት ነው፤ ቅዳሴም እሑድ ጠዋት ነው። እኔ ለአሠልጣኙ በግልጽ ነገርኩት፤ በበዓላትና በተወሰኑ እሑዶች ልጄ አይመጣም፣ የአዘቦት ቀን ልምምድ ግን አይቀርም አልኩት። ያለ ክርክር ተቀበለኝ። እናንተም ተናገሩ፤ ሳይነገራቸው የቀረ ልጅ ግድ የለሽ ይመስላቸዋል።

ያቺ እናት ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች፤ ስሟን አልጠራም። ልጇ አሁንም ይጫወታል። በሚመጣው እሑድ ቡድኑ እዚያው ሜዳ ላይ ጨዋታ አለው፤ መግቢያ ክፍያ የለውም። ወፍራም ካልሲና ውኃ የማያስገባ ጫማ አድርጋችሁ ኑ። ከእኔ ጋር ዳር ቁሙና፣ ልጁ ሲወድቅ አትጩኹ፤ «አንድ» ብላችሁ ቁጠሩ።